ጉዳቱ ስንት ተባለ? የኮምፒውተር ጠለፋ ቅጣት የ40 ዓመት ታሪክ

በ1983 አሜሪካ ውስጥ፣ በዊስኮንሲን ግዛት ሚልዋኪ በምትባል ከተማ የሚኖሩ ጥቂት ወጣቶች ኮምፒውተራቸውን ከቤታቸው የስልክ መስመር ጋር እያገናኙ የማያውቋቸውን መሥሪያ ቤቶች ኮምፒውተር መጎብኘት ልማድ አደረጉ። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ያላልኩበት ዘመን ሁሉ የአውሮፓውያን ነው።) የቡድናቸውን ስም የወሰዱት ከከተማቸው የስልክ መለያ ቁጥር ነው፦ «414ዎቹ»። ለመግባት ብዙ ጥበብ አላስፈለጋቸውም። ማሽኑን የሠራው ኩባንያ ሲሸጠው ያስገባበትን «ሲስተም» ወይም «ቴስት» የሚል የይለፍ ቃል ገዢዎቹ ሳይቀይሩት ኖረው ነበርና ልጆቹ እሱን ሞከሩ፤ ገቡ። የኑክሌር ጦር መሣሪያ የሚነደፍበትን የሎስ አላሞስን ቤተ ሙከራ እንዲሁ ገቡበት። ኒውዮርክ ያለውን የስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ሆስፒታልም ገቡበት፤ እዚያ ጥቂት የሒሳብ መዝገቦች ሰረዙ። የጉዳቱ ግምት 1,500 ዶላር ገደማ ነበር።

አንባቢ ይህን ቁጥር ይያዝልኝ። ከዚያ ወዲህ ባለፉት 40 ዓመታት ጠላፊን ሲያሳስር ወይም ሲያስፈታ የኖረው «ምን ሠራ?» የሚለው ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ሚዛኑን የደፋው «ጉዳቱ ስንት ተባለ?» የሚለው ነው።

የሚልዋኪዎቹን ልጆች ኤፍ ቢ አይ ደረሰባቸው። ከመካከላቸው የ17 ዓመቱ ኒል ፓትሪክ በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር የአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ቃሉን ሰጠ። የሠራው ነገር ልክ ስለመሆኑ መጠራጠር የጀመረው መቼ እንደሆነ ሲጠየቅ፣ ኤፍ ቢ አይ በሩን ሲያንኳኳ መሆኑን ሳይሸፋፍን ተናገረ። ዐቃብያነ ሕግ ግን ሌላ ጭንቀት ነበረባቸው። ሰው ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ፈቃድ መግባት ወንጀል ነው የሚል የፌዴራል ሕግ በአገሩ አልነበረም። በመጨረሻ ከልጆቹ ሁለቱ የተከሰሱት በስልክ ሰውን በማስቸገር ነው፤ ሌሊት እየደወለ ሰላም የሚነሳን ሰው ለመቅጣት በወጣ ድንጋጌ። ጥፋታቸውን አምነው በገደብ ተለቀቁ።

በዚያው ሰሞን «ዋር ጌምስ» የተባለ ፊልም ሲኒማ ቤቶችን አጥለቅልቆ ነበር። ታሪኩ በቤቱ ኮምፒውተር የጦር ኃይሉን ሥርዓት ገብቶ ዓለምን ወደ ኑክሌር ጦርነት አፋፍ ስለሚያደርስ ጎረምሳ ነው። ፕሬዚዳንት ሬገን ፊልሙን አይተው የጦር አዛዦቻቸውን «እውነት እንዲህ ሊሆን ይችላል?» ብለው ጠየቁ። የጦር ኃይሎች ኤታማዦር ሹሙ ጄኔራል ቬሲ አጣርተው ያመጡት መልስ፣ ነገሩ ከተባለውም የባሰ ነው የሚል ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ የአሜሪካ ሕግ አውጪዎች በ1984 ከጮሁ በኋላ በ1986 ደግሞ እስከ ዛሬ የሚሠራበትን የኮምፒውተር ማጭበርበርና አለአግባብ መገልገል ሕግ አወጡ። ያለ ፈቃድ ገብቶ መረጃ የለወጠ ወይም ያበላሸ ሰው ነገሩ ከባድ ወንጀል ሆኖበት እስከ 5 ዓመት የሚታሰረው ጉዳቱ 1,000 ዶላር ሲሞላ ነው ተባለ። ገንዘብ ወደ ሕጉ የገባው በዚህች በር ነው።

እንግሊዝም ከአሜሪካ አልፈጠነችም። ስቲቭ ጎልድና ሮበርት ሺፍሪን የተባሉ ሁለት ሰዎች የብሪቲሽ ቴሌኮም ንብረት የሆነውን ፕረስቴል የተባለ የመረጃ አገልግሎት ገብተው፣ የንግሥቲቱ ባለቤት የልዑል ፊሊፕን የመልእክት ሳጥን ሳይቀር ከፈቱ። የተጠቀሙበት የአንድ መሐንዲስ መለያ ነው፤ ቁጥሩ 2፣ 2፣ 2 እያለ የሚሄድ፣ የይለፍ ቃሉም 1234። በ1985 ተይዘው ሲከሰሱ የተጠቀሰባቸው ሕግ የሐሰት ሰነድ ማዘጋጀትን የሚከለክለው ነበር። በመጀመሪያው ፍርድ ቤት አንዱ 750፣ ሌላው 600 ፓውንድ ተቀጡ። ይግባኝ ሲሉ ነፃ ወጡ፤ የአገሪቱ የመጨረሻ ችሎትም በ1988 ነፃ መውጣታቸውን አጸና። ዳኞቹ ነገሩን የተረዱት ይመስለኛል፦ ሕጉ ለወረቀት የተሰፋ ነው፣ ማሽን ላይ ጎትቶ ማልበስ አይቻልም። ፓርላማው በ1990 ለብቻው ሕግ አወጣ። ሰብሮ መግባት ብቻውን ቢበዛ 6 ወር ያሳስር ነበር። ዛሬ በዚያው ሕግ የሰው ሕይወትን ወይም የአገር ደኅንነትን አደጋ ላይ የጣለ ጥቃት እስከ ዕድሜ ልክ ሊያስቀጣ ይችላል።

የአሜሪካው ሕግ በዳኞች ፊት በደንብ የተፈተነው በሮበርት ታፓን ሞሪስ ነው። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነበር፤ አባቱ ደግሞ በአሜሪካ የብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ ሥር ባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ማዕከል ዋና ሳይንቲስት። ኖቬምበር 2 ቀን 1988 ማታ ሞሪስ ራሷን እያባዛች ከማሽን ማሽን የምትሄድ አንዲት ፕሮግራም በኤም አይ ቲ ኮምፒውተር በኩል ለቀቀ። እንዳለው ከሆነ ሐሳቡ ማንንም መጉዳት አልነበረም። ፕሮግራሟ አንድ ማሽን ላይ ስትደርስ አስቀድማ መግባት አለመግባቷን ትጠይቃለች፤ ገብተሻል ብትባልም ግን ከሰባት አንዴ መልሱን ችላ ብላ ትገባለች። ሞሪስ ይህን ያደረገው የማሽን ጠባቂዎች በውሸት መልስ እንዳያታልሏት ብሎ ነው። ሒሳቡን ሳተ። ማሽኖቹ በራሳቸው ግልባጭ ታንቀው ቆሙ፤ በዚያ ዘመን ከነበሩት 60,000 ያህል የኢንተርኔት ማሽኖች 6,000ው ተመተዋል ተብሎ ተገመተ። ለማጽዳት የወጣው ወጪ እንደየቦታው ከ200 ዶላር ተነሥቶ ከ53,000 ዶላር በላይ ደረሰ።

በጃንዋሪ 1990 ጁሪው ጥፋተኛ ነው አለ። በሜይ 4 ቅጣቱን የወሰኑት በሲራኪዩስ ከተማ የሚያስችሉት ዳኛ ሃዋርድ ሙንሰን ነበሩ፤ እጃቸው ላይ ደግሞ ገና ሦስት ዓመት ያልሞላው የፌዴራል የቅጣት አወሳሰን መመሪያ አለ። መመሪያው የኮምፒውተር ጠላፊን ከአጭበርባሪ ጋር አንድ ሠንጠረዥ ላይ አስቀምጦ፣ በጉዳቱ የገንዘብ መጠን ነጥብ እየጨመረ ወደ እስር ይመራ ነበር። ሙንሰን ጉዳዩን ከባድ ነው ብለው፣ ነገር ግን ይህ ልጅ ለማታለልም ለመበልጸግም ብሎ ያደረገው አይደለምና ለአጭበርባሪ የተሠራው ሠንጠረዥ አይመጥነውም አሉ። 3 ዓመት በገደብ፣ 400 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት፣ 10,050 ዶላር መቀጮ። ሞሪስ አንድም ቀን ወኅኒ ሳያድር ዳነ፤ ኋላ ባለሀብት ሆነ፣ ፕሮግራሟን በለቀቀበት በኤም አይ ቲም ፕሮፌሰር ሆነ። እኔ የሙንሰንን ፍርድ በዚህ ታሪክ ውስጥ ካሉት ሁሉ ከፍ አድርጌ አየዋለሁ። ሠንጠረዡ የሚለውን አንብበው፣ ከፊታቸው የቆመውን ሰው አይተው፣ ሁለቱ እንደማይገጥሙ የተናገሩ ዳኛ ናቸው።

ያው ዓመት ሳያልቅ ግን የቁጥሩ ነገር ገሃድ ወጣ። የአትላንታ ጠላፊዎች ቤልሳውዝ ከተባለው የስልክ ኩባንያ ስለ 911 የአደጋ ጥሪ አሠራር የሚያስረዳ አንድ ሰነድ ገልብጠው ነበር። ክሬግ ናይዶርፍ የተባለ የ20 ዓመት የኮሌጅ ተማሪ የሰነዱን አጠር ያለ ቅጂ «ፍራክ» በሚባለው የኤሌክትሮኒክ መጽሔቱ አወጣው። ቺካጎ ላይ ተከሰሰ። ኩባንያው የሰነዱ ዋጋ 79,449 ዶላር ነው አለ። እንዴት ተሰላ? ሰነዱን የጻፈው ሰው ደመወዝ ተደመረ፣ የአለቃው ደመወዝ ተደመረ፣ የተጻፈበት ኮምፒውተር ዋጋ 31,000 ዶላር ተደመረ፣ የማተሚያው ዋጋም 6,000 ዶላር። ደብዳቤ የሰረቀን ሰው የጸሐፊዋን ወንበር ጨምሮ ማስከፈል ማለት ነው። በጁላይ 1990 ችሎቱ ሲጀመር ተከላካዮቹ ያንኑ መረጃ የያዘ ጽሑፍ ማንም ሰው በስልክ አዝዞ በ13 ዶላር መግዛት እንደሚችል አሳዩ። ዐቃቤ ሕግ በአራተኛው ቀን ክሱን ተወ። ናይዶርፍ ነፃ ወጣ፤ የጠበቃ ወጪው ግን ወደ 100,000 ዶላር ተጠግቶ ነበር። ሰነዱ የተገለበጠበትን ኮምፒውተር የጠለፉት ሦስቱ የአትላንታ ወጣቶች ደግሞ ጥፋታቸውን አስቀድመው አምነው ነበርና በኖቬምበር ከ14 እስከ 21 ወር ተፈረደባቸው። 6,000 ማሽን ያቆመው በገደብ ወጣ፤ እነዚህ ታሰሩ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ኬቨን ሚትኒክ ነው፤ በዚህ ሙያ የእሱን ያህል ስሙ የገነነ የለም። የሎስ አንጀለስ ልጅ ነው። ዋና መሣሪያው ኮምፒውተር ሳይሆን አንደበቱ ነበር፤ ስልክ ደውሎ ራሱን የኩባንያው ሠራተኛ አስመስሎ የይለፍ ቃሉን ከሰውየው አፍ ይወስዳል። በ1980ዎቹ መጨረሻ አንዴ ታስሮ ስምንት ወር ለብቻው ተዘግቶበት ነበር። ሚትኒክ ራሱ እንደተረከው፣ ዐቃቤ ሕጉ ለዳኛዋ ይህ ሰው ስልክ አንስቶ በማፏጨት ሚሳይል ሊያስወነጭፍ ይችላል ብሎ ነግሯቸዋል። ከወጣ በኋላ የገደቡን ግዴታ ጥሶ ተሰወረ። በፌብሩዋሪ 15 ቀን 1995 ሰሜን ካሮላይና፣ ራሌይ ውስጥ ተያዘ፤ ጡቶሙ ሺሞሙራ የተባለ የኮምፒውተር ሳይንቲስት ኮምፒውተሩ ስለተጠለፈበት ተናዶ ዱካውን ሲከተል ከርሞ ነበር።

ሚትኒክ የመጨረሻውን ፍርድ ሳይሰማ ከአራት ዓመት በላይ ታሰረ። እሱ ወኅኒ ሳለ ኩባንያዎቹ ደብዳቤ ጻፉ። ሞቶሮላ፣ ኖኪያ፣ ፉጂትሱ፣ ኤን ኢ ሲ፣ ሰን ማይክሮሲስተምስ የደረሰብን ጉዳት ይህን ያህል ነው እያሉ ላኩ፤ ድምሩ ወደ 300 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። ሰን ብቻውን 80 ሚሊዮን አለ፤ የተቀዳበትን ሶፍትዌር ለመሥራት የወጣውን ወጪ እንዳለ ቆጥሮ ማለት ነው። ሶፍትዌሩ ግን ከኩባንያው አልጠፋም፤ ቅጂው ነው የተወሰደው። ሚትኒክም ሸጦታል ያለ ሰው የለም። በየመንገዱ «ፍሪ ኬቨን» የሚል ተለጣፊ የለጠፉት ወጣቶች ከሞላ ጎደል የጮሁት በዚህ ነው። በ1999 በድርድር ጥፋቱን አመነ። 46 ወር ተፈረደበት፤ ገደብ በመጣሱና በሌላ ጉዳይ ከተፈረደበት 22 ወር ጋር 68 ወር ሆነ። ካሳውስ? 4,125 ዶላር። 300 ሚሊዮን ተብሎ የተጀመረ ሒሳብ በአንድ አሮጌ መኪና ዋጋ ተዘጋ። በጃንዋሪ 2000 ሲፈታ ለሦስት ዓመት ኮምፒውተር እንዳይነካ ታዘዘ። ከዚያ በኋላ እስከ ሞተበት እስከ 2023 ድረስ ኩባንያዎችን ከጠላፊ የሚከላከል አማካሪ ሆኖ ኖረ።

እስካሁን ያየናቸው ለዝና፣ ለጉጉት ወይም ለእልህ የሠሩ ናቸው። አዲሱ ሺህ ዓመት ሲገባ ገንዘብ ፈላጊው መጣ፤ ሕጉም ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት በኋላ ጠነከረ። በ2001 የወጣው የፓትሪዮት ሕግ ሆን ብሎ ጉዳት ለማድረስ የተፈጸመን ጠለፋ ጣሪያ ከ5 ወደ 10 ዓመት፣ ለደጋሚ ወደ 20 ዓመት አሳደገው። ግን ቅጣቱን በእርግጥ ያናረው ሠንጠረዡ ነው። የአሜሪካው መመሪያ በ1987 ነው የወጣው፤ የእኛ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 ዓ.ም. ካወጣው 23 ዓመት ይቀድማል። በአዲሱ ሺህ ዓመት መጀመሪያ ዓመታት አሠራሩ እንዲህ ነበር፦ የማጭበርበር መነሻ ነጥብ 7 ነው። ጉዳቱ ሲጨምር ነጥቡ ይጨምራል፤ ከ400 ሚሊዮን ዶላር ሲያልፍ 30 ነጥብ ይታከላል። 37 ነጥብ ላይ የደረሰ፣ ከዚህ በፊት ምንም ሪከርድ የሌለበት ሰው ከ17 ዓመት ተኩል እስከ 22 ዓመት ገደማ ይጠብቀዋል። በዚህ ላይ ለተሰረቀ ለእያንዳንዱ የባንክ ካርድ ቁጥር ጉዳቱ ከ500 ዶላር እንዳያንስ ተብሎ ይቆጠራል፤ በካርዱ አንድ ሳንቲም ባይወጣበትም።

አልበርት ጎንዛሌዝ ላይ ይህን ሒሳብ አስሉት። የማያሚ ልጅ ነው። በ2003 ኒውዮርክ ውስጥ ተይዞ ከአሜሪካ የምሥጢር አገልግሎት ጋር ሆኖ ሌሎች ጠላፊዎችን ማጋለጥ ጀመረ፤ በዓመት 75,000 ዶላር ይከፈለው ነበር። ቀን ለመንግሥት ይሠራል፣ ሌሊት ከጓደኞቹ ጋር ይሰርቃል። ጓደኞቹ በገበያ ማዕከሎች የመኪና ማቆሚያ ቆመው በላፕቶፕ የመደብሮችን ደካማ ዋይፋይ ይፈልጋሉ፤ በዚያ ቀዳዳ ቲ ጄ ኤክስ የተባለውን ግዙፍ የልብስ ቸርቻሪ ገቡበት። በመጀመሪያው ክስ ብቻ ከ40 ሚሊዮን በላይ የካርድ ቁጥሮች ተጠቅሰዋል። በ500 ሲባዛ 20 ቢሊዮን ዶላር ይሆናል፤ ሠንጠረዡ ያን ያህል ሩቅ አያውቅም። 1.1 ሚሊዮን ዶላር ጥሬ ገንዘብ ደግሞ በወላጆቹ ጓሮ ተቀብሮ ተገኘ። ማርች 25 ቀን 2010 ቦስተን ላይ ዳኛ ፓቲ ሳሪስ 20 ዓመት ፈረዱበት፤ በማግስቱ ሌላ ዳኛ በሌላው መዝገብ 20 ዓመት ከአንድ ቀን ፈርደው ቅጣቶቹ አብረው እንዲቆጠሩ አዘዙ። እስከዚያ ቀን ለጠለፋ እንዲህ የከበደ ቅጣት በአሜሪካ አልተሰማም ነበር።

በ2013 እና በ2014 በተመሳሳይ ወንጀል በአንድ ዳኛ ፊት የቀረቡ ሁለት ሰዎች ደግሞ ሌላ መለኪያ አሳዩ። ጄረሚ ሃሞንድ ስትራትፎር የተባለውን የስለላ አማካሪ ድርጅት ጠልፎ ኢሜይሎቹን በማውጣቱ ዳኛ ሎሬታ ፕሬስካ 10 ዓመት ፈረዱበት። ሃሞንድ የነበረበት የጠላፊ ቡድን መሪ የነበረውና ከድርጅቱ የወጣው መረጃ እንዲቀመጥበት ሰርቨር ያቀረበው ሄክተር ሞንሴጉር ግን ተይዞ በማግስቱ ለኤፍ ቢ አይ መሥራት የጀመረ ሰው ነበር። እኚሁ ዳኛ የታሰረው 7 ወር ይበቃዋል ብለው ለቀቁት።

አሮን ስዋርትዝ የተባለው ወጣት ነገር ግን እስከ ቅጣት አልደረሰም። ምናልባት ለዚህ ነው ሁሉም የሚያስታውሰው። ስዋርትዝ ጄስቶር ከተባለው የምሁራን ጽሑፎች ማከማቻ በኤም አይ ቲ አውታር በኩል 4.8 ሚሊዮን ያህል ጽሑፎች አወረደ፤ ላፕቶፑን አንዲት ቁም ሳጥን በምታክል የሽቦ ክፍል ደብቆ። ጄስቶር ጽሑፎቹ ስለተመለሱለት ክስ አልፈለገም። የቦስተን ዐቃቤ ሕግ ግን በጁላይ 2011 ባወጣው መግለጫ እስከ 35 ዓመት ሊታሰር እንደሚችል ለጋዜጦች አስነገረ፤ በቀጣዩ ዓመት የክሱ ብዛት 13 ደረሰ። ጃንዋሪ 11 ቀን 2013 ስዋርትዝ ብሩክሊን በሚገኘው መኖሪያው ራሱን አጠፋ፤ 26 ዓመቱ ነበር። ከአምስት ቀን በኋላ የግዛቲቱ የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ካርመን ኦርቲዝ፣ መሥሪያ ቤታቸው ልጁ ጥፋቱን ቢያምን ከ6 ወር በላይ እንደማይጠይቅ ተናገሩ። 35 ዓመት ብለው ያስነገሩት ቢሮ ነው 6 ወር ያለው። በስሙ ሕጉን ለማለዘብ የቀረበው ረቂቅ በምክር ቤቱ ሳይጸድቅ ቀረ።

በዚሁ ዘመን ሌላ መዝገብ ዋሽንግተን ላይ ተከፍቶ ነበር፤ ይህኛው የእኛው ነው። ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ኢትዮጵያ የተወለደ አሜሪካዊ በ2012 በኢሜይል የደረሰውን አንድ የዎርድ ሰነድ ከፈተ። ውስጡ ፊንስፓይ የተባለ ለመንግሥታት የሚሸጥ የስለላ ፕሮግራም ነበር። የስካይፕ ንግግሩን፣ የቤተሰቡን የኢንተርኔት አጠቃቀም ለወራት ቀድቶ ኢትዮጵያ ውስጥ ወዳለ ሰርቨር ይልክ ነበር ሲል ከሰሰ፤ ቤተሰቦቹ እንዳይጎዱበት ስሙን ለውጦ። የከሰሰውም የኢትዮጵያን መንግሥት ነው። ፍርድ ቤቱ በሜይ 2016 መዝገቡን ዘጋ፤ ይግባኝ ሰሚውም በማርች 2017 አጸናው። ምክንያቱ ድርጊቱ አልተፈጸመም የሚል አልነበረም። ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ በአሜሪካ ምድር ላይ ስላልተፈጸመ የውጭ መንግሥት ሊከሰስበት አይችልም ነው የተባለው። አንድ ጎረምሳ ያንኑ ቢያደርግ ዓመታት ይታሰርበት ነበር።

በዚያው በ2016 ኢትዮጵያ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ዓ.ም.ን አወጣች። አዋጁ ሰብሮ ለመግባት ያስቀመጠው መሰላል ከአሜሪካው የተለየ ነው። ያለ ፈቃድ መግባት ብቻውን እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም ከ30,000 እስከ 50,000 ብር መቀጮ ወይም ሁለቱንም ያስከትላል። ማሽኑ የድርጅት ከሆነ ከ3 እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት፤ ቁልፍ መሠረተ ልማት ከሆነ ከ5 እስከ 10 ዓመት። መለኪያው የዶላር ግምት አይደለም፤ የማን ማሽን ነው የሚለው ነው። ባለ ድርጅቱ እንደፈለገው የሚያሳብጠው ቁጥር ባለመኖሩ ይህ መንገድ ንጹሕ ይመስለኛል። ግን የግለሰቡ ማሽን ከታች ተቀምጧል፤ የሲልቨር ስፕሪንጉ ሰው የተጠለፈበትም እንዲህ ያለው ነው።

በአሜሪካ ሠንጠረዡ ከፍታው ላይ የደረሰው በኤፕሪል 2017 ነው። ሮማን ሴሌዝኔቭ የሩሲያ ፓርላማ አባል ልጅ ነው። ሥራው የትንንሽ ምግብ ቤቶችን የክፍያ ማሽን ጠልፎ የደንበኞችን ካርድ ቁጥር ገበያ ላይ መሸጥ ነበር፤ ሲያትል ውስጥ አንድ ምግብ ቤት በዚህ ምክንያት ከስሮ ተዘግቷል። በጁላይ 2014 ለመዝናናት ማልዲቭስ ሄዶ ሲመለስ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ተያዘ። በላፕቶፑ 1.7 ሚሊዮን የካርድ ቁጥሮች ተገኙ። የላፕቶፑን የይለፍ ቃል መርማሪዎቹ የገመቱት ነው፤ ሌላ ቦታ የተጠቀመበትን ደግሞታል። ጉዳቱ 169 ሚሊዮን ዶላር ተባለ። ዐቃቤ ሕግ 30 ዓመት ጠየቀ፤ ዳኛ ሪቻርድ ጆንስ 27 ዓመት ፈረዱበት።

በሌላ ወገን ግን ዳኞች ሠንጠረዡን እያለዘቡ ነበር፤ ከ2005 ጀምሮ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ መመሪያው አስገዳጅ መሆኑ ቀርቶ ምክር ሆኗልና። በ2018 ሚራይ የተባለውን የተጠለፉ ካሜራዎችና ራውተሮች ሠራዊት የፈጠሩት ሦስት ወጣቶች አላስካ ላይ እስር ሳይሆን 5 ዓመት ገደብና 2,500 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ተፈረደባቸው፤ ሰዓቱንም ኤፍ ቢ አይን እየረዱ እንዲጨርሱት። በጁላይ 2019 ደግሞ እዚያው ሚልዋኪ ከተማ ማርከስ ሃቺንስ የተባለ እንግሊዛዊ ቀረበ። በልጅነቱ የባንክ ደንበኞችን የሚዘርፍ ቫይረስ ጽፏል። በሜይ 2017 ግን የብሪታንያን ሆስፒታሎች ያስቆመውን ዋናክራይ የተባለ ሌላ ቫይረስ ያቆመ ሰው ነው፤ በዚህኛው ቫይረስ ውስጥ ያገኘውን የድረ ገጽ አድራሻ በ10.69 ዶላር ገዝቶ። ዳኛ ስታድሙለር ክፉውንም ደጉንም ካዩ በኋላ የታሰረው ይበቃዋል ብለው ለቀቁት።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ወደ ሕጉ ራሱ የመጣው በጁን 2021 ነው። ቫን ቢውረን የተባለ የጆርጂያ ፖሊስ በ5,000 ዶላር ገደማ ጉቦ ከፖሊስ መዝገብ የመኪና ታርጋ አይቶ 18 ወር ተፈርዶበት ነበር። ስድስት ዳኞች በሦስት ላይ፣ መዝገቡን ማየት የተፈቀደለት ሰው ለመጥፎ ዓላማ ቢያየውም በዚህ ሕግ ጠላፊ አይባልም አሉ። በቀጣዩ ዓመት የፍትሕ ሚኒስቴሩ በቅን ልቦና የደኅንነት ቀዳዳ የሚፈልጉ ተመራማሪዎችን እንዳይከሱ ለዐቃብያነ ሕጉ መመሪያ አወረደ።

ገንዘብ ሊለካው የማይችለው ጉዳት በፊንላንድ ወጣ። ቫስታሞ የተባለው የሥነ ልቦና ሕክምና ድርጅት ተጠልፎ 33,000 ያህል ታካሚዎች ለሐኪማቸው ብቻ የነገሩት ምሥጢር ተዘረፈ። በ2020 ጠላፊው እያንዳንዱን ታካሚ 200 ዩሮ ክፈል፣ አለዚያ አወጣዋለሁ እያለ ጻፈ። ጥፋተኛ የተባለው ወጣት በ2015 በ50,700 የኮምፒውተር ወንጀሎች ጥፋተኛ ሆኖ 2 ዓመት በገደብ የተለቀቀ ነው። በኤፕሪል 2024 የአገሩ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት 6 ዓመት ከ3 ወር ፈረደበት።

ኦገስት 1 ቀን 2024 የሩሲያና የምዕራብ አገሮች እስረኞች አንካራ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ተለዋወጡ። ጋዜጠኛው ኢቫን ገርሽኮቪች ወደ አሜሪካ ሄደ፤ ወደ ሞስኮ ከተመለሱት ሰዎች አንዱ ሮማን ሴሌዝኔቭ ነበር። ከተፈረደበት 27 ዓመት የታሰረው 10 ዓመት አለፍ ያለ ጊዜ ነው። ፍርድ ቤቱ ለተጎጂዎች እንዲከፍል የወሰነበት ካሳ ወደ 170 ሚሊዮን ዶላር ነበር።